ሁለተኛውን ዓይን መሳል

(በማኅበራችን የ10ኛ ዓመት በዓል ላይ፣ ፋርመርስ ብራንች፣ ቴክሳስ፣ የተደረገ ንግግር)



ከሁሉ አስቀድሞ ለዚህ ቀን ላደረሰን አምላክ ምስጋና ይግባው። ቀጥዬም የበዓሉን አዘጋጅ ኮሚቴ አመሰግናለሁ፤ ምንም እንኳ የሠሩብኝን ሥራ ገና ይቅር ባልላቸውም። እኔ ሐሳቤን በመስመር እንጂ በቃል መግለጽ አልለመድኩም። በጋዜጣችን የመጨረሻ ገጽ ጥግ ላይ ባለችው ትንሽ ሳጥን ውስጥ ተሸሽጌ ስኖር፣ ዛሬ እስክሪብቶዬን ቀምተው ማይክሮፎን አስጨበጡኝ። ንግግሬ ቢንጋደድ ታገሡኝ፤ ሥዕሎቼም ከመጀመሪያው ቀጥ ብለው አያውቁም።

የተሰጠኝ ርእስ «ሥዕል፣ ቀልድና የዕለት ተዕለት እምነት» የሚል ነው። ማኅበራችን የሁላችንም ነው፤ ኦርቶዶክሱም፣ ፕሮቴስታንቱም፣ ካቶሊኩም፣ ሙስሊሙም አለበት። እኔ የማውቀው ያደግሁበትን ነውና ከዚያ ተነሥቼ ብናገር ሌላውን ለመንካት አለመሆኑን አስቀድሜ ላሳስብ።

ሥዕል የጀመርኩት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው ስል የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ የነበርኩ እንዳይመስላችሁ። ቅዳሴው ሲረዝምብኝ ግድግዳ የማይ ልጅ ነበርኩ። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ይዛኝ ትቆማለች፤ እኔ ደግሞ አንገቴን ቀና አድርጌ ከመላእክቱ ጋር ዓይን ለዓይን እንተያያለን። መላእክቱ ትልልቅ ክብ ዓይኖች አሏቸው፤ የትም ብሄድ ይከተሉኛል። ሰይጣኑ ግን አያየኝም። የሄሮድስ ወታደሮችም፣ ይሁዳም አያዩኝም። ሁሉም በጎን ናቸው፤ የሚታየው አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው። አንድ ቀን ፊደል ያስቆጠሩኝን የኔታን፣ «የኔታ፣ ሰይጣን ዓይኑ አንድ ብቻ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሳቁና፣ «ሁለት አለው፤ እኛ ግን በሁለቱም እንዲያየን አንፈልግም» አሉኝ።

በኋላ እንደተረዳሁት ይህ የአንድ ሠዓሊ ጠባይ አይደለም። በአገራችን ጥንታዊ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደንቡ እንዲህ ነው፦ ጻድቃን፣ ሰማዕታትና መላእክት ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ይሣላሉ፤ አጋንንት፣ ከሃዲዎችና አሳዳጆች ደግሞ በጎን፣ በአንድ ዓይን። ልማዱ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ወደ ታሪክ ሥዕልም ገብቷል። የ1888ቱን የዐድዋ ጦርነት የሚያሳዩትን ሥዕሎች አስታውሱ። ከላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ላይ ሆኖ ይታያል፤ የእኛ ሰዎች አብዛኞቹ ፊታቸውን ወደ እኛ ሰጥተዋል፤ ጣሊያኖቹ በጎን ተሰልፈዋል። ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ ሥዕሉን ሲያይ ማን ወዳጅ ማን ጠላት እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል።

ብዙ ሰው ካርቱን የአሜሪካ ዕቃ ይመስለዋል። እኔ ግን እንዲህ እላለሁ፦ ካርቱን ማለት ጥቂት መስመር፣ የተጋነነ መልክ፣ በሳጥን የተከፋፈለ ታሪክና አጭር ጽሑፍ ከሆነ፣ ይህ ሁሉ በአገራችን ነበረ። ብዙዎቻችን ሳሎናችን ውስጥ የሰቀልነው የንግሥተ ሳባና የንጉሥ ሰሎሞን ሥዕል ምንድን ነው? ብዙውን ጊዜ በ44 ሳጥኖች የተከፈለ ነው። እንደ መጽሐፍ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች ይነበባል። ሕዝብ ከሚገዛው ዘንዶ ይጀምራል፤ ንግሥቲቱን ወደ ኢየሩሳሌም ወስዶ ይመልሳታል፤ ቀዳማዊ ምኒልክን ያስወልዳል፤ ከየሳጥኑ በታች ወይም በላይ አንድ መስመር አማርኛ አለ። ይህን ለአሜሪካዊ የሥራ ባልደረባዬ ባሳየው «ይህማ ኮሚክ ነው!» አለኝ። «አዎ፣ የእኛ ኮሚክ ነው» አልኩት።

ትልልቆቹ ሠዓሊዎቻችንም ባሕር ማዶ ተምረው ሲመለሱ ከዚያ ግድግዳ አልራቁም። አለ ፈለገ ሰላም በቺካጎ የሥነ ጥበብ ኢንስቲትዩት ተምረው ተመልሰው በ1950 ዓ.ም. የአዲስ አበባን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲመሠርቱ፣ የቤተ ክርስቲያን ሥዕልንም አልተዉም። አፈወርቅ ተክሌ ለማዕድን ምሕንድስና ትምህርት ወደ እንግሊዝ ተልከው ሠዓሊ ሆነው ተመለሱ፤ በአፍሪካ አዳራሽ የመስተዋት ሥዕል ዓለም ቢያውቃቸውም የአራዳ ጊዮርጊስን ቤተ ክርስቲያንም በሥዕል አስጊጠዋል። እኔ ከእነዚህ ጎን ራሴን ማቆሜ አይደለም። ብቻ የትንሿ ሳጥን ሠዓሊም ቢሆን ዘር አለው ለማለት ያህል ነው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አንዲት እናት ከቅዳሴ በኋላ ጸበል ጻዲቅ ላይ ይዘውኝ፣ «ልጄ፣ አንተ ጾም ትጾማለህ፣ ትቆርባለህ፤ ታዲያ በሰው ማሾፍ ኃጢአት አይደለም ወይ?» አሉኝ። ያኔ ለመከራከር ቸኩዬ ነበር። ነቢዩ ናታንን ጠቀስኩላቸው። ናታን ንጉሥ ዳዊትን በቀጥታ አልከሰሰውም፤ አንዲት በግ ብቻ ስለነበረችው ድኻና በጉን ስለቀማው ባለጸጋ አንድ ታሪክ በቃል ሣለለት። ዳዊት በሥዕሉ ላይ ተቆጣ፤ ኋላ ግን የተሣለው ራሱ መሆኑን ሰማ። ካርቱን ማለት ይህ ነው አልኳቸው። ጌታችንም ቢሆን በራሱ ዓይን ምሰሶ ተጋድሞ ሳለ የወንድሙን ጉድፍ ሊያወጣ ስለሚታገል ሰው ተናግሯል፤ ያንን እስቲ በሐሳባችሁ ሣሉት! ከዚያ የበለጠ የተጋነነ ካርቱን እኔ አላውቅም። እኚያ እናት አዳመጡኝና፣ «እሱስ ልክ ነው፤ አንተ ግን ናታን ነህ ወይስ ባለ ምሰሶው?» ብለውኝ ሄዱ።

መልሱን ያገኘሁት ዘግይቼ ነው። እንዴት እንዳገኘሁት ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ማኅበራችን ገንዘብ ያዥ የሆነ አንድ ወንድም ነበረው። ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ምንም ነገር ቢጠየቅ መልሱ «አይቻልም» ነበር። ለዘመን መለወጫ ዘፋኝ ከሌላ ከተማ እናስመጣ ስንል አይቻልም። የድምፅ መሣሪያ እንግዛ ስንል አይቻልም። እኔም አንድ ማታ ከሥራ ገብቼ ካርቱን ሣልኩ። ዶሮዋ የገንዘብ ሣጥን ላይ ቁጭ ብላለች፤ ራሷ የእሱ ራስ ነው፤ አባላት ዙሪያዋን ከበው ያንኳኳሉ፤ ከሥሩ «ገና አልተፈለፈለም» ይላል። እንደዚያ የተሣቀበት ሥዕል ሠርቼ አላውቅም። ሰዉ ፎቶኮፒ እያደረገ ፍሪጁ ላይ ለጠፈው። እኔም ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ?

ያ ወንድም ስብሰባ ላይ ሲመጣ ከሁላችን ጋር ሣቀ። የሥራ ዘመኑ ሲያልቅ ግን በቃኝ ብሎ መዝገቡን አስረክቦ ወጣ፤ ከዚያም እግሩ ቀረ። እኛም «ሥራ በዝቶበት ነው» አልን። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባል የለ?

በቀጣዩ ክረምት አንድ ወጣት አባላችን በድንገት አረፈ። ዘመድ አልነበረውም፤ እናቱ አገር ቤት ናት። ይህ ሲያጋጥም ከዚህ በፊት ምን እንደምናደርግ ታውቃላችሁ፤ ሬስቶራንት በሬስቶራንት፣ ቤተ ክርስቲያን በቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ በመስጊድ እየዞርን ገንዘብ እንለምናለን፤ አስከሬኑም ገንዘቡ እስኪሞላ ይጠብቃል። በዚያን ጊዜ ግን ለአስከሬኑ ማጓጓዣ ቼኩ የተጻፈው በሁለተኛው ቀን ነው። ገንዘቡ ነበረ። የነበረውም ያ ሰው «አይቻልም» ስላለ ነው። ዶሮዋ ሣጥኑ ላይ የተቀመጠችው በከንቱ አልነበረም፤ ዕንቁላሉን አቅፋ ነበር። እኔ ግን ይህን ሳላይ ሣልኳት።

ያን ማታ ዋናውን ሥዕል ከመሳቢያዬ አወጣሁት። መጀመሪያ ያየሁት ነገር አስደነገጠኝ። ሰውየውን የሣልኩት በጎን ነው፤ ዓይኑ አንድ ነው። «ዶሮ በጎን ስትታይ አንድ ዓይን ነው ያላት» ብዬ ራሴን ላታልል ሞከርኩ። ግን የከበቧት አባላት ሁሉ፣ ጥግ ላይ የቆምኩት እኔም ጭምር፣ ፊት ለፊት ነን፤ ሁለት ሁለት ዓይን አለን። ማንም አላዘዘኝም። ልጅ ሆኜ ከግድግዳው ላይ የተማርኩት እጄ በራሱ ጊዜ ሠርቶታል። ወንድሜን ከይሁዳና ከሄሮድስ ወታደሮች ጎን አስቀምጬዋለሁ።

ሽማግሌ ልላክ ብዬ አስቤ ነበር፤ ኋላ የሣልኩት ብቻዬን ነውና ብቻዬን ሄድኩ። ቡና እየተፈላ ደረስኩ። «ቤት ለእንግዳ» ብሎ ተቀበለኝ። የመጣሁበትን ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝና፣ «እኔስ ስቄ ነበር፤ ያልሣቀው ልጄ ነው» አለኝ። ለካ ልጁ የጓደኛው ልደት ላይ ሄዶ ፍሪጅ ላይ አይቶታል። ልጁ አማርኛ ማንበብ አይችልም፤ ሥዕሉን ግን ለማወቅ ማንበብ አላስፈለገውም። ቤት ሲገባ፣ «አባባ፣ ለምንድን ነው ሰዎች የሚስቁብህ?» ብሎ ጠይቆታል። አባትየው ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ አልነበረውም። እኔም አልነበረኝም። ይቅርታ ጠየቅኩ፤ ይቅርም አለኝ። ይህን ታሪክ እንድናገር ፈቅዶልኛል፤ ስሙን እንዳልጠራ ግን አደራ ብሎኛል። ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከመካከላችን ተቀምጧል።

ወገኖቼ፣ ከዚያ ወዲህ «ካርቱን መሣል ተውኩ» እንድላችሁ ጠብቃችሁ ይሆናል። አልተውኩም። መተውም ሌላ ጥፋት ነው። ናታን ዝም ቢል ኖሮ የድኻው በግ ተቀምታ ትቀር ነበር። በአገራችንም አዝማሪው በዘፈኑ፣ ባለ ቅኔው በሰምና ወርቁ፣ በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጅ ከወጣ በኋላም የግል ጋዜጦች ካርቱኒስቶች በብዕራቸው ኃያሉን ሲነኩ ኖረዋል። ይህ ክቡር ሥራ ነው። እኔ የተማርኩት ዝምታን ሳይሆን አንድ ደንብ ነው፦ የምተቸውንም ሰው ቢሆን ሁለተኛውን ዓይኑን እንዳልነፍገው። ይኸውም እሱ የሚያየው፣ እኔ ግን ያላየሁት ነገር ሊኖር እንደሚችል ማመን ነው።

ይህ የእኔ የግል ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ የምንኖርበትን አገር ምሳሌ ላንሣ። እ.ኤ.አ. በ1926 በዚሁ በዳላስ ጋዜጣ ላይ የቴክሳስን ታሪክ በካርቱን የሚተርክ ሥራ መውጣት ጀመረ። ጃክ ፓተን ይሥላል፣ ጆን ሮዘንፊልድ ይጽፋል። ኋላ በመጽሐፍ መልክ ታትሞ ለቴክሳስ ተማሪዎች በነፃ ሲታደል ብዙ ዘመን ቆየ፤ ስንት ልጅ ታሪኩን የተማረው ከዚያ ነው። ሆኖም ሜክሲኮአውያንንና ሌሎችን የሚያዋርዱ ሥዕሎችና ቃላት ስለነበሩበት ከጊዜ በኋላ ብዙ ተወቅሶ መታረም ነበረበት። አስቡት፤ በዚያ ክፍል ውስጥ የሜክሲኮ ተወላጅ ልጅም ተቀምጧል። ያም ልጅ ለመጎዳት ብዙ ማንበብ አላስፈለገውም።

በተቃራኒው ደግሞ ቻርልስ ሹልዝን ተመልከቱ። ቻርሊ ብራውንንና ስኑፒን የማያውቅ ልጅ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ሹልዝ የሰንበት ትምህርት ያስተማሩ፣ መጽሐፍ ቅዱስን አብዝተው ያነበቡ ሰው ነበሩ። ሥራቸው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2 ቀን 1950 በሰባት ጋዜጦች ጀመረ፤ ለ50 ዓመት ያህል ረዳት ሠዓሊ ሳይቀጥሩ በገዛ እጃቸው ሣሉ። እ.ኤ.አ. በ1965 ለቴሌቪዥን የተሠራው የገና ፊልማቸው ውስጥ ትንሹ ላይነስ የሉቃስን ወንጌል የልደት ታሪክ በቃሉ እንዲናገር አደረጉ። ብዙዎች ይህ ለቴሌቪዥን አይሆንም ብለው ቢሠጉም እሳቸው አልተዉትም።

እኔን የበለጠ የነካኝ ግን ሌላው ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1968 ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ከተገደሉ በኋላ ሐሪየት ግሊክማን የተባሉ፣ አስተማሪ የነበሩ የሎስ አንጀለስ እናት፣ ከልጆቹ መካከል ጥቁር ልጅ እንዲጨምሩ ለሹልዝ ጻፉላቸው። ሹልዝ አመነቱ፤ ጥቁሩን ሕዝብ ከላይ ሆኜ የማባብል እንዳይመስልብኝ ብለው ፈሩ። ደብዳቤ ተጻጻፉ፤ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 31 ቀን 1968 ፍራንክሊን የተባለው ልጅ በባሕር ዳርቻ ከቻርሊ ብራውን ጋር ተገናኘ። አብረው የአሸዋ ግንብ ሠሩ። ጩኸት የለም፣ መፈክር የለም፤ ሁለት ልጆች ብቻ። ኋላ ፍራንክሊን ከነጭ ልጆች ጋር በአንድ ክፍል ሲማር በመታየቱ የተቃወሙ ነበሩ፤ ሹልዝ ግን አላነሡትም። የዕለት ተዕለት እምነት የምለው ይህንን ነው። መስቀል ያልተሣለበት፣ ግን የጎረቤትን ፊት ሙሉ አድርጎ የሚሥል እጅ።

ታዲያ እኔ በየዕለቱ ምን አደርጋለሁ? ትልቅ ነገር የለም። ከሥራ እገባለሁ፣ እራቴን እበላለሁ፣ ልጆች ሲተኙ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ወረቀቴን ዘርግቼ አማትባለሁ። ከዚያ ሥዬ ስጨርስ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ይህ ሰው ከፊቴ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ይህንኑ አሳየው ነበር? ሁለተኛ፣ እኔስ በሥዕሉ ውስጥ አለሁበት? የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች እንዳይሆንብኝ ነው። ሦስተኛ፣ ልጁ ቢያየው ምን ይላል? ከዚያ ሥዕሉን አሳድረዋለሁ። ጠዋት ላይ ባለቤቴ አይታ ካልሣቀች አልሰጥም፤ ሥቃ ከተከዘችም አልሰጥም። በዚህ ምክንያት የጋዜጣችን አዘጋጅ ሥዕል ዘገየ እያለ ሲጨቀጭቀኝ ይኖራል። ዛሬ ምክንያቱን በይፋ አስታውቄያለሁ።

ወደ ማጠቃለያው ልምጣ። በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ከምታዩአቸው ሥዕሎች አንዱ የበላዔ ሰብእ ታሪክ ነው። 78 ነፍስ የበላ ሰው ነው። አንድ ቀን አንድ በሽተኛ በእመቤታችን ስም ውኃ ሲለምነው ጥርኝ ውኃ ሰጠው። በፍርድ ቀን 78ቱ ነፍስ በአንድ ወገን፣ ጥርኝ ውኃዋ በሌላ ወገን ሆነው በሚዛን ተቀመጡ፤ በእመቤታችን አማላጅነት ውኃዋ መዘነች። እኔ ይህን ታሪክ ባስታወስኩ ቁጥር የማስበው ስለ ሠዓሊው ነው። ብሩሹን ነክሮ በላዔ ሰብእ ፊት ሲቆም በአንድ ዓይን ይሣለው ወይስ በሁለት? የበላቸውን ቢቆጥር አንድ ይበዛበታል። ጥርኝ ውኃዋን ካየ ደግሞ ሁለተኛውን ዓይን መከልከል አይችልም።

እኛም እዚህ ከተማ ውስጥ አሥር ዓመት አብረን ስንኖር በፖለቲካ፣ በወንዝ ልጅነት፣ በሲኖዶስ፣ በምርጫ፣ በአዳራሽ ኪራይ ሳይቀር ተጣልተናል። ወረቀት ላይ ባንሥለውም በሐሳባችን እርስ በርስ በጎን ስንሣሣል ኖረናል። ፋርመርስ ብራንች የሚለው የከተማችን ስም የገበሬዎች ጅረት ማለት ነው አሉ፤ በዚህ አገር «ብራንች» ጅረትንም ይላሉ። ጅረት ካለ ጥርኝ ውኃ አይጠፋም። እያንዳንዳችን ለአንድ ላኮረፍነው ሰው ጥርኝ ውኃ ብናቀብል የሚቀጥለው አሥር ዓመት ቀላል ይሆናል።

የመጨረሻው ቃሌ ለልጆች ነው። የዳላስ ሞርኒንግ ኒውስ ካርቱኒስት ሆኖ «ሽማግሌው ቴክሳስ» የተባለውን ዝነኛ ገጸ ባሕርይ የፈጠረው ጆን ኖት የተወለደው ቴክሳስ አይደለም፤ በኦስትሪያ ግዛት በነበረችው ፒልሰን ተወልዶ በልጅነቱ የመጣ ስደተኛ ነበር። የቴክሳስን ፊት ለቴክሳስ ሰዎች የሣለው መጤ ነው። እናንተም ትችላላችሁ። ከኮሚቴው ጋር ተስማምተናል፤ የቅዳሜው የአማርኛ ትምህርት ካለቀ በኋላ አንድ ሰዓት ሥዕል አስተምራችኋለሁ። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በሳጥን በሳጥን እንሥላለን፤ ከሥሩም በገዛ እጃችሁ አማርኛ ትጽፋላችሁ። እርሳስና ወረቀት ከእኔ ነው። የወረቀቱን ወጪ ማኅበሩ ይሸፍን እንደሆነ የዛሬውን ገንዘብ ያዥ ጠይቄ ነበር፤ «አይቻልም» ብላኛለች። ደስ ነው ያለኝ።

እግዚአብሔር አገራችንንና ይህን ያስጠጋንን አገር ይባርክ። ማኅበራችንን ለሃያኛው ዓመት ያድርስልን።